የናርጊስ ፍቅር ከራጅ ካፑርና ከሱኒል ደት ጋር፦ ለቅዳሜ ምሽት ዝግጅት እርዱኝ

አሞራ ገደል (ጠያቂ)

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። ሐዋሳ፣ ፍቅር ሐይቅ አካባቢ ባለች አንዲት ካፌ ቅዳሜ ማታ ስለ ድሮ ፊልሞች የምናወጋበት ዝግጅት አለ። ወንበሩ 40፣ ሰዓቱ 45 ደቂቃ ነው፤ ፕሮጀክተርና ድምፅ ማጉያ አለ። የሚቀጥለው ተራ የኔ ነው። የመረጥኩት ርእስ የህንዷ ተዋናይት ናርጊስ አብረዋት ከተወኑት ከራጅ ካፑርና ከሱኒል ደት ጋር የነበራት ፍቅር ነው። ታዳሚው ግማሹ በህንድ ፊልም ያደገ ጎልማሳ፣ ግማሹ ደግሞ ተማሪ ነው።

ችግሬ ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ያለው ወሬ እርስ በርሱ መጋጨቱ ነው። አንዱ «ራጅ ካፑርን ለሱኒል ብላ ከዳችው» ይላል። ሌላው ሱኒል ቀረጻ ላይ እሷን ያወጣበት የእሳት አደጋ ለማስታወቂያ የተፈጠረ ነው ይላል። የሌላዋን የህንድ ተዋናይት የማድሁባላን ታሪክ ወስዶ ለናርጊስ የሚሰጥም አለ። ቅደም ተከተሉ እንዴት ነው? የትኞቹን ትዕይንቶች ልቁረጥ? ዓመቶቹንስ በኛ ልጥራ ወይስ በፈረንጅ? ማድሁባላን ጨምሪ የሚሉኝም አሉ፤ 45 ደቂቃ ይበቃል?

ጥቁርና ነጭ

እህቴ፣ «ከዳችው» የሚለውን ቀኖቹን በመደርደር ብቻ መጣል ይቻላል። (ዓመቶቹን በእ.ኤ.አ. እሰጥሻለሁ፤ መቀየሩን ለሌላ ሰው ልተው።)

ራጅ ካፑር ክሪሽናን ያገባው በ1946 ነው። ከናርጊስ ጋር የሠሩት የመጀመሪያ ፊልም «አግ» የወጣው በ1948 ነው። ስለዚህ ፍቅሩ ሲጀመር እሱ ባለትዳር ነበር። ይህን መጀመሪያውኑ ተናገሪው፤ ኋላ ላይ ካመጣሽው ታዳሚው የተታለለ ይመስለዋል። ከዚያ «ባርሳት» በ1949፣ «አዋራ» በ1951፣ «ሽሪ 420» በ1955 መጡ። «ቾሪ ቾሪ» በ1956 ሁለቱ በመሪነት የተጣመሩበት የመጨረሻው ነው። በዚያው ዓመት በወጣው «ጃግቴ ራሆ» ናርጊስ ፊልሙ ሊያልቅ ሲል ብቻ ብቅ ትላለች። ሱኒል ደት ወደ ሕይወቷ የገባው በ1957 ለእይታ በበቃው «ማዘር ኢንዲያ» ቀረጻ ላይ ነው፤ ያኔ ከራጅ ጋር የነበረው ነገር አልቆለት ነበር። በአንዱ ላይ ሌላውን ደረበች የሚያሰኝ ነገር የለም።

«ታዲያ ለምን አልተጋቡም?» የሚል ጥያቄ መምጣቱ አይቀርም። መልሱ ሁለት ነገር ነው። ራጅ ካፑር ሚስቱን ፈትቶ አያውቅም፣ እስከ ዕለተ ሞቱ ከክሪሽና ጋር ኖረ። ሁለተኛ ሚስት አድርጎ እንዲያገባት ደግሞ ሕጉ አይፈቅድም፤ በ1955 የወጣው የህንድ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ አንድ ሂንዱ በሚስት ላይ ሚስት እንዳያገባ ይከለክላል። የወሬ ቪዲዮ የሚሠሩት ሰዎች ይህን ሕግ ዘለውት ያልፋሉ፤ ያለ እሱ ግን የ1955ና የ1956 ነገር ትርጉም አይሰጥም።

ሌላው የሚስተካከል ነገር «እሱ ነው ሰው ያደረጋት» የሚለው ነው። ናርጊስ በ1943 «ታቅዲር» ላይ መሪ ተዋናይት ስትሆን ገና 14 ዓመቷ ነበር፤ ያን ፊልም ያዘጋጀው መህቡብ ካን ኋላ «ማዘር ኢንዲያ»ንም ያዘጋጀው ሰው ነው። «አግ» ሲሠራ ዝነኛዋ እሷ ነበረች፤ ራጅ በ20ዎቹ መጀመሪያ ላይ ያለ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ፊልም የሚያዘጋጅ ወጣት ነው። እንዲያውም የፊልም ኩባንያው ዓርማ እሷን ይዟል። በ«ባርሳት» አንድ ትዕይንት ራጅ በአንድ እጁ ቫዮሊን ይዞ፣ ናርጊስ በሌላው ክንዱ ላይ ወደ ኋላ ተለጥጣ ትታያለች፤ ያ አቋቋም የአር ኬ ፊልምስ ምልክት ሆነ። ከተለያዩም በኋላ ኩባንያው ምልክቱን አልቀየረውም።

አሁን ወደ ሱኒል። እሳቱ እውነት ነው። የ«ማዘር ኢንዲያ» ቀረጻ ጉጃራት ውስጥ ነበር። በታሪኩ ልጅየው ቢርጁ የተደበቀበት የድርቆሽ ክምር ይለኮሳል፣ እናቱ ራድሃ እየጠራችው ነበልባሉ ውስጥ ትገባለች። ሲቀረጽ እሳቱ ከታሰበው በላይ ተስፋፍቶ ናርጊስን ከበባት። ሱኒል ገብቶ አወጣት፣ እሱም ተቃጠለ፤ ሕክምና ላይ ሳለ ያስታመመችው እሷ ናት። ፍቅሩ ከዚህ ተነሣ። የተጋቡት መጋቢት 11 ቀን 1958 ነው።

ነገሩን ለምን ደብቀው ያዙት? በፊልሙ ናርጊስ እናት፣ ሱኒል ልጅ ነው። በመጨረሻም ራድሃ የመንደሩን ልጅ ጠልፎ የሚሸሸውን ቢርጁን በገዛ እጇ ተኩሳ ትገድለዋለች፤ የፊልሙ ጉልበት ያለው እዚያ ላይ ነው። ሲኒማ ቤቶች ይህን እያሳዩ «እናትና ልጅ ሊጋቡ ነው» የሚል ዜና ቢወጣ ገበያው እንደሚጎዳ ግልጽ ነው። ተማሪዎቹን የሚያስገርም ቁጥር ልስጥሽ፦ ናርጊስ የተወለደችው ሰኔ 1 ቀን 1929፣ ሱኒል ሰኔ 6 ቀን 1929። «እናት» ከ«ልጅ»ዋ የምትበልጠው በ5 ቀን ነው።

ከጋብቻው በኋላ ትወናን አቆመች ማለት ይቻላል። ቀረጻው ለዓመታት የተጓተተው «ራት አውር ዲን» በ1967 ወጥቶ የህንድ ብሔራዊ የፊልም ሽልማት የመጀመሪያዋ ምርጥ ተዋናይት አደረጋት። በ1980 የህንድ ላይኛው ምክር ቤት አባል ሆና ተሾመች፤ ግንቦት 3 ቀን 1981 በጣፊያ ካንሰር አረፈች። የልጇ የሳንጃይ ደት የመጀመሪያ ፊልም «ሮኪ» የወጣው እሷ ከሞተች ከቀናት በኋላ ነው። ይህን ክፍል አታርዝሚው፤ ርእስሽ ፍቅሩ ነው።

ኦፕሬተሩ

ስለ ትዕይንቶቹ እኔ ልመልስ። ከ45 ደቂቃው 28 ለንግግር፣ 10 ለቁራጭ፣ 7 ለጥያቄ ያዢ። ረጋ ብሎ የሚነበብ አማርኛ በደቂቃ 100 ቃል ገደማ ነውና ጽሑፍሽ ከ2800 ቃል አይለፍ። ሰዓት ይዘሽ ጮክ ብለሽ አንብቢው፤ በልብ ማንበብ ያታልላል።

አራት ቁራጭ ይበቃሻል።

የመጀመሪያው የ«ባርሳት» አቋቋም ነው፤ 40 ሰከንድ። ከእሱ ቀጥሎ የአር ኬ ዓርማ ብቻ የሚታይበትን 5 ሰከንድ አስገቢ። ምንም አትናገሪ፣ ሰው ራሱ ያገናኘዋል።

ሁለተኛው የ«ሽሪ 420» የዝናብ ዘፈን ነው። ሁለቱ በአንድ ጃንጥላ ሥር ናቸው፤ ጃንጥላውን አንዱ ለሌላው ይገፋል፣ ማንም ብቻውን መጠለል አይፈልግም። መሃል ላይ የዝናብ ካፖርት የለበሱ ሦስት ሕፃናት እጅ ለእጅ ተያይዘው ያልፋሉ፣ ናርጊስም እየዘፈነች ወደ እነሱ ታመለክታለች። ሦስቱ ሕፃናት የራጅና የክሪሽና ልጆች ናቸው፦ ራንዲር፣ ሪቱና ሪሺ። ሪሺ ማለት ኋላ «ቦቢ» ላይ የተወነው ሪሺ ካፑር ነው። አንድ ጊዜ ዝም ብለሽ አሳዪ፣ ከዚያ የልጆቹን ማንነት ተናግረሽ ያቺን 20 ሰከንድ ድገሚ። የምሽቱ ትልቁ ነገር ይህ ነው፤ አስቀድመሽ ከተናገርሽ ይበላሻል። በድምሩ 2 ደቂቃ ተኩል።

ሦስተኛው የ«ጃግቴ ራሆ» ፍጻሜ ነው። ራጅ ከገጠር የመጣ የተጠማ ሰው ሆኖ ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ፍለጋ ሲንከራተት፣ ሌባ ተብሎ ሲባረር ያድራል። ሲነጋ ናርጊስ ውሃ ትቀዳለች፤ እሱ ሁለት መዳፉን ገጥሞ ይጠጣል። አብረው የታዩበት የመጨረሻ ፊልም መሆኑን ተናግረሽ 2 ደቂቃ ተዪው።

አራተኛው የ«ማዘር ኢንዲያ» እሳት ነው፤ 2 ደቂቃ። የተኩሱን ትዕይንት አታሳዪ፣ ፊልሙን ያላየ ተማሪ ይኖራል። ጥቁርና ነጭ ግን ፍጻሜውን ከላይ በግልጽ ጻፉት እንጂ!

ጊዜ ከተረፈሽ ብቻ ከ«ቦቢ» (1973) ሪሺ ለመጀመሪያ ጊዜ ልጅቷን በር ላይ የሚያይበትን ጨምሪ። ልጅቷ ሊጥ በነካው እጇ ፀጉሯን ስትነካ ሊጡ ፀጉሯ ላይ ይቀራል። ራጅ ካፑር ናርጊስን መጀመሪያ ያየው እንዲህ እንደነበር ራሱ ይናገር ነበር። «እሱ እንዳለው» ብለሽ አቅርቢው።

የሚበላሹት ነገሮች ሁልጊዜ ያው ናቸው። ፊልሙን ከፍተሽ በመሃል ትዕይንት አትፈልጊ። «ማዘር ኢንዲያ» ብቻውን 172 ደቂቃ ነው፤ አንዴ ከጠፋብሽ ሰው ስልኩን ያወጣል። ቁራጮቹን ቀድመሽ ቆርጠሽ 01፣ 02፣ 03፣ 04 ብለሽ ሰይሚያቸው። የግርጌ ጽሑፍ በአማርኛ ከሠራሽ ፋይሉን በዩቲኤፍ-8 (የፊደል አመዘጋገብ ዓይነት ነው) አስቀምጪው፤ አለዚያ ፊደሉ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ይመጣል። አራት ማዕዘን ሳጥን ብቻ ከታየሽ ደግሞ ችግሩ የፊደል ቅርጹ ነው፣ በፊልም ማጫወቻው በቪኤልሲ ማስተካከያ ውስጥ ኒያላ ወይም ኖቶ ኢትዮፒክን ምረጪ። የጽሑፉና የቪዲዮው ፋይል ስም አንድ ዓይነት መሆን አለበት።

ሌላው ብርሃን ነው። ጥቁርና ነጭ ፊልም ጥላው ብዙ ስለሆነ በደብዛዛ ፕሮጀክተር ግራጫ ሾርባ ይሆናል። ሐዋሳ ላይ ፀሐይ የምትጠልቀው እንደ ወሩ ከምሽቱ 12 ሰዓት እስከ 12 ከ50 ባለው ነው፤ በረንዳ ላይ ከሆነ ከ1 ሰዓት በፊት አትጀምሩ። ሐይቅ ዳር ነውና ትንኙ ወደ ጨረሩ ይመጣል፣ ስክሪኑ ላይም እንደ በረሮ ገዝፎ ይታያል። ከፕሮጀክተሩ ራቅ አድርጋችሁ አንድ ደማቅ አምፖል ወደ ውጭ አብሩ፣ አብዛኛው ወደዚያ ይሄዳል።

ባሕረ ሐሳብ

የዘመን አቆጣጠሩን እኔ። ዝም ብሎ 8 መቀነስ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳትበት። ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ድረስ የሚቀነሰው 7 ነው፣ ከዚያ በኋላ 8። ጳጉሜ 6 በሆነችበት ዓመት ማግስት ከመስከረም እስከ የካቲት መጨረሻ ገደማ ቀኑም በአንድ ይሸጋሸጋል።

ይህ ለአንቺ ለምን ይጠቅማል? «ማዘር ኢንዲያ» የወጣው ጥቅምት 25 ቀን 1957 እ.ኤ.አ. ነው፤ በኛ ጥቅምት 15 ቀን 1950። ሠርጉ መጋቢት 11 ቀን 1958 ነው፤ በኛ መጋቢት 2 ቀን 1950። በፈረንጅ ሲነገር ፊልሙ አንድ ዓመት ሠርጉ በሌላ ዓመት ይመስላል፤ በኛ ግን ሁለቱም የ1950 ናቸው፣ በመሃላቸው አምስት ወር እንኳ አልሞላም። ለምን ደበቁት ለሚለው ይህ ራሱ መልስ ነው፤ ፊልሙ ገና ትኩስ ነበር። ለኦስካር የታጨበት ሥነ ሥርዓት ራሱ ከሠርጉ 15 ቀን በኋላ ነው የተካሄደው።

የልደት ቀናቸው በኛ ግንቦት 24 እና ግንቦት 29 ቀን 1921 ነው። ያረፈችው ሚያዝያ 25 ቀን 1973።

ምክሬ፦ የፊልም ዓመት በእ.ኤ.አ. ይሁን፣ ሰው ኢንተርኔት ላይ ሲፈልገው እንዲያገኘው። የሠርግና የሞት ቀን በኛ ይሁን። ሁለቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር አትቀላቅዪ። ጥቁርና ነጭ «ሰኔ 1» ያለው የፈረንጁን ጁን ነው፤ እንዳለ ብታነቢው 7 ቀን ትስቻለሽ።

ታቦር ማዶ

ማድሁባላን ተዪያት ባይ ነኝ። ራሷን የቻለ ምሽት ናት። ታሪኳ ከናርጊስ ጋር የሚምታታው ሁለቱም በየፊናቸው ከአንድ ዝነኛ ተዋናይ ጋር ለዓመታት ቆይተው ሌላ ተዋናይ ስላገቡ ነው፤ ምክንያቱ ግን ፈጽሞ አይገናኝም።

በአጭሩ፦ ማድሁባላና ተዋናዩ ዲሊፕ ኩማር በ«ታራና» (1951) ተጣመሩ። ዲሊፕ ያኔ ሚስት የለውም፤ እንቅፋቱ የልጅቷ አባት ነበሩ። «ናያ ዳውር» ለተባለ ፊልም ቢ. አር. ቾፕራ ቀረጻውን ቦፓል ሊያደርገው ሲል አባትየው አልልክም አሉ፤ በቦታዋ ቫይጃንቲማላ ገባች። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፣ ዲሊፕም ለአዘጋጁ ወገን መሰከረ። ፍቅሩ የሞተው እዚያ ነው። የሚያሳዝነው ግን «ሙግል ኤ አዛም» ገና አላለቀም። ዲሊፕ የሰጎን ላባ ይዞ ፊቷን በዝግታ የሚዳብስበት፣ እሷም ዓይኗን የምትጨፍንበት ትዕይንት አለ። እሱን ሲሠሩ ከካሜራ ውጭ አይነጋገሩም ነበር።

ባሕረ ሐሳብ ያለው ወጥመድ እዚህ ተገልብጦ ይመጣል። «ሙግል ኤ አዛም» የወጣው ነሐሴ 5 ቀን 1960 እ.ኤ.አ.፣ ማድሁባላ ኪሾር ኩማርን ያገባችው በዚያው ዓመት በኦክቶበር ነው። በኛ ግን ፊልሙ ሐምሌ 1952፣ ሠርጉ ጥቅምት 1953። በልብ ሕመም በ36 ዓመቷ ያረፈችው በኛ የካቲት 16 ቀን 1961 ነው።

አሞራ ገደል (ጠያቂ)

እግዜር ይስጥልኝ፣ ተመስጬ ነው ያነበብኩት። ማድሁባላን ለሌላ ቅዳሜ አቆየኋት። ሁለት ነገር ቀረኝ። ራጅ ሠርጉን ሲሰማ ራሱን በሲጋራ ያቃጥል ነበር፣ ያለቅስ ነበር የሚሉትን ልናገር? ሁለተኛ፣ ከተማሪዎቹ አንዱ ተነሥቶ «የኛዋ እገሊትስ ከእገሌ ጋር ነች አይደል?» ማለቱ የማይቀር ነው። ምን ልበል?

ጥቁርና ነጭ

ኦፕሬተሩ፣ ተኩሱን ስለገለጥኩ ልክ ነህ፤ 172 ደቂቃውን ጠብቆ የሚያየው ግን ይኖር ይሆን?

የሲጋራው ነገር ከሰው ወደ ሰው የዞረ ነው። በእንዲህ ያለ ወሬ ላይ የምትጠይቂው አንድ ነው፦ ማን አየ? ባለቤቱ ከተናገረ «ራሱ እንዳለው» ትያለሽ፣ እንደ ሊጡ። ሌላ ሰው ከዓመታት በኋላ ከተናገረ የሰውየውን ዝምድና ትገልጪያለሽ። ምንጩ የማይገኝ ከሆነ ትተይዋለሽ፤ ዝግጅትሽ ሳያስፈልገውም ቆሟል። እኔ ብሆን የጃንጥላዋን ትዕይንት ይዤ ሲጋራውን እጥለዋለሁ፤ አንዱ ሁሉም ሰው የሚያየው ነው፣ ሌላው የሚወራ ነው። ስለ ክሪሽናም አንድ ደቂቃ ስጪ። በዚህ ሁሉ ጊዜ ቤት ውስጥ የነበረችው እሷ ናት፤ የህንድ ፊልም ወዳዶች ሲያወሩ ስሟ አይነሣም።

ስክሪፕት

ሁለተኛው ጥያቄሽ ላይ ልግባ። በሕይወት ስላለች የአገራችን ተዋናይት «ከእገሌ ጋር ናት» ብሎ 40 ሰው ፊት መናገር ቀልድ አይደለም። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ከአንቀጽ 2044 ጀምሮ ስም ማጥፋት በንግግርም፣ በጽሑፍም፣ በሌላም መንገድ ሊፈጸም እንደሚችል ተደንግጓል። በዚያ ላይ አንዱ በስልኩ ቀድቶ ቲክቶክ ላይ ይጥለዋል፣ ካፌዋም አብራ ትነሣለች።

የሚሠራው ዘዴ ጥያቄውን ሳይመጣ መያዝ ነው። ስትጀምሪ «ዛሬ የምናወራው በሕይወት ስለሌሉ ሰዎች ነው፤ ናርጊስ፣ ራጅና ሱኒል ሦስቱም አርፈዋል» በይ። ሱኒል በ2005፣ ራጅ በ1988 እ.ኤ.አ. ነው ያረፉት። ያም ሆኖ ከተነሣ ስሙን ራስሽ አትድገሚው። ስም የሚደጋግመው ጠያቂው ይሁን፣ አንቺ «ራሳቸው ካልነገሩን አናወራም» ብለሽ ማይኩን ወደ ሌላ እጅ አሳልፊ። ጥያቄ በማይክ ከሚሆን በወረቀት ይሁን የሚልም አለ፤ 7 ደቂቃ ላይ ግን ወረቀት መሰብሰቡ ራሱ 3 ደቂቃ ይበላል። ስለዚህ ማይኩን የሚይዝ አንድ ሰው መድቢ፣ ለጠያቂው አይስጠው፣ እየያዘለት ያናግረው።

ኦፕሬተሩ

ከማይኩ ሌላ የላፕቶፑን ድምፅ በ3.5 ሚሊሜትር ጃክ ወደ ሚክሰሩ አስገቢ፤ በኤችዲኤምአይ ከሄደ ድምፁ ፕሮጀክተሩ ውስጥ ባለችው ትንሽ ስፒከር ይወጣና 40 ሰው አይሰማውም። ላፕቶፑ ቻርጁ ሙሉ ይሁን። መብራት ቢሄድ የሚጠፋው ፕሮጀክተሩ ነው፤ ያኔ የክሪሽናን ክፍል ያለ ምስል መናገር ስለሚቻል እሱን ለዚያ ሰዓት በመጠባበቂያነት ያዢው፣ ጄኔሬተሩ ሲነሣ ወደ 03 ትመለሻለሽ።